የ«ቅን አድማጭ» ሠላሳ አንድ አስተያየቶች

ሟቹ ከጠረጴዛው ሥር በጎኑ ተጋድሟል። የጆሮ ማዳመጫው ራሱ ላይ ነው። ከግድግዳው መደርደሪያ የወደቀው ከባድ የድምፅ ማጉያ ከአናቱ አንድ ስንዝር ርቆ ተቀምጧል። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ነገሩ አደጋ ነው ብሎ ከወዲሁ ደምድሟል፤ ሰውየው ሙዚቃ ሲያዳምጥ ማጉያው ተንሸራቶ ወደቀበት፣ በቃ።

ኢንስፔክተሯ ግን አልቸኮለችም። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ዱቄቱን አሳልፋ ጠጠሩን ስለምታስቀር። ጡረታ ለመውጣት ስምንት ወር የቀራት፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ከዘፈን ጋር ይህን ያህል ፍቅር የሌላት ሴት ናት። ጠረጴዛውን ተደግፋ ተንበረከከችና ሟቹን ከቅርብ አየችው። ከማዳመጫው ቅስት ሥር ያለው ፀጉር በደም ተጣብቋል፤ ቅስቱ ግን ከላይ ንጹሕ ነው፣ ስንጥቅም የለበትም። ያን የሚያህል ብረት አናቱ ላይ ሲወድቅ ማዳመጫው ንቅንቅ አላለም። የቀኝ ጆሮው ተሸፍኗል፤ የግራው መሸፈኛ ግን ወደ ኋላ ተገፍቶ ከጆሮው ጀርባ ውሏል። ቀና ስትል ደግሞ ጠረጴዛውን አስተዋለች። አቧራ፣ የሲጋራ አመድና የብርጭቆ ክብ ምልክት ሞልቶበታል፤ አንዱ ማዕዘን ብቻ ተወልውሎ ያበራል።

ማንም ምንም እንዳይነካ አዘዘች።

ሟቹ አድማጮቹ «ሞገድ» እያሉ የሚጠሩት፣ በኮምፒውተር የዳንስ ሙዚቃ የሚያቀናብር የሠላሳ ስድስት ዓመት ሰው ነበር። ሦስተኛ አልበሙ «ንዝረት» ከወጣ ሁለት ወር ሆኖታል። ስቱዲዮው የመኖሪያ ቤቱ የጓሮ ክፍል ነው። አንደኛው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በወረቀት ተሸፍኗል። አድማጮች ስለ አልበሙ በኢንተርኔት የጻፉትን አስተያየት እያተመ፣ በቀይ እስክሪብቶ ቁጥር እየሰጠ፣ ሙገሳውንም ስድቡንም ሳይመርጥ ለጥፎታል። ኢንስፔክተሯ መነጽሯን አድርጋ ከቁጥር አንድ ጀምራ ማንበብ ያዘች። የመጨረሻው ሁለት መቶ አሥራ አራት ነው። በመሀል ግን ቁጥሮቹ ይዘላሉ፤ እዚህም እዚያም የፕላስተር ቁራጭ ብቻ የቀረባቸው ባዶ ቦታዎች አሉ። ቆጠረቻቸው። ሠላሳ አንድ ናቸው።

አስከሬኑን ያገኘው የሟቹ የልጅነት ባልንጀራ ነው። ኪቦርድ ስለሚጫወት «ጣቶ» ይሉታል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት አልበሞች አብረው ነው የሠሩት፤ ለሦስተኛው ግን ሞገድ ምክንያቱን እንኳ ሳይነግረው በሩን ዘጋበት። ጣቶም ቂሙን አልደበቀም። አልበሙ በወጣ ማግስት በገዛ ስሙ «ይህ የሞገድ ሥራ አይደለም» ብሎ ጽፏል፤ ወረቀቱም ግድግዳው ላይ ቁጥር ሰባት ሆኖ ተለጥፏል። ለኢንስፔክተሯ እንደነገራት፣ ዓመት ሙሉ ድምፁን ያጠፋው ሞገድ ያን ቅዳሜ ልክ ስምንት ሰዓት ላይ ደወለለት።

«ምን አለህ? ሳትጨምር ሳትቀንስ ንገረኝ» አለችው።

«‹በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ። ባዳ ነው ብዬ የፈራሁት ለካ የራሴ ሰው ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ና፣ ሁሉንም እነግርሃለሁ› አለኝ። መጣሁ። በሩ ክፍት ነበር።»

«ሲያዳምጥ ማዳመጫውን እንዴት ነበር የሚያደርገው?»

ጣቶ ጥያቄው ግር አለው። ሞገድ ሁለቱንም ጆሮውን ግጥም አድርጎ ካልሸፈነ እንደማያዳምጥ፣ አንዱን ክፍት የሚተው ሰው ካየ ደግሞ «በአንድ ዓይን ሲኒማ ገባህ እንዴ?» እያለ ይቀልድበት እንደነበር ነገራት።

አሳታሚው ከሐዘኑ ይልቅ ሱፉ የሚታይ፣ ቃል የማይቸግረው ሰው ነው። አልበሙን አድማጭ እንደ ዓይኑ ብሌን እንደሚወደው ሲያስረዳ፣ ኢንስፔክተሯ ከግድግዳው የነቀለቻቸውን አሥራ ዘጠኝ የሙገሳ ወረቀቶች ፊቱ ደረደረችለት። ሁሉም ላይ «አቀናባሪ» የሚለው ቃል በአንድ ዓይነት ስህተት ተጽፏል። አሳታሚው ጫማውን ማየት ጀመረ። የጻፉት የቢሮው ሠራተኞች መሆናቸውን፣ ያዘዘውም የሰውየው ሞራል እንዳይወድቅ ብሎ መሆኑን አመነ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን ከስድስት ሰዎች ጋር ስብሰባ ላይ ነበር፤ ስድስቱም መሰከሩለት። ከመሄዱ በፊት አንድ ነገር ጨመረ። የአልበሙን የግራና የቀኝ ድምፅ ያመጣጠነው ሞገድ ራሱ ነው፤ ሌላ ባለሙያ እንዳይነካው፣ በተለይ ጣቶ እንዳይሰማው አጥብቆ ከልክሏል።

ሚስትየው የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት። ዓይኗ አብጧል፤ ሆኖም ለእንግዶቿ ወንበር ማቅረብ አልረሳችም። ያን ቀን ሰባት ሰዓት ላይ ገበያ እንደወጣች፣ አሥር ሰዓት ስትመለስ ግቢው በሰው ተሞልቶ እንዳገኘችው ተናገረች። ባሏ ጤነኛ ነበር፤ የአድማጮች ስድብ ግን እንቅልፍ ነሥቶት ነበር። አታንብብ ብትለውም አልሰማትም።

«ጣቶን በክፉ አላነሳውም፣ እንደ ወንድሜ ነው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ግን ቂም ነበረው።»

ኢንስፔክተሯ ሁለት ቀን ሙሉ ቢሮዋ ተቀምጣ የአድማጮችን አስተያየት ከኢንተርኔት አነበበች። አንዱ የግራ ማዳመጫው የተበላሸ መስሎት አዲስ ገዝቷል። አንዷ ስትሮጥ እያዳመጠች ግራ ጆሮዋን አሟታል። አንድ የታክሲ ሾፌር፣ ሙዚቃው በእሱ በኩል እየጮኸ ከጎኑ የተቀመጠው ተሳፋሪ ግን ምንም አይሰማኝም እንዳለው ጽፏል። ሰው ሁሉ ጥፋቱን በመሣሪያ አሳብቧል። ግድግዳው ላይ ከቀሩት ጋር እያመሳከረች የጠፉትን ሠላሳ አንዱንም አገኘቻቸው፤ ሁሉም «ቅን አድማጭ» በሚል ስም የተጻፉ ነቀፋዎች ናቸው። ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሐኪም አነጋገረች፤ ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ስቱዲዮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ይህ ሰው ማጉያ ወድቆበት አልሞተም» ብላ ጀመረች። «የአስከሬን ምርመራው እንደሚለው፣ ወደ ኋላ ወድቆ ማጅራቱን የመታው የጠረጴዛው ማዕዘን ነው። ማዕዘኑን አንድ ሰው ጠርጎታል። ማጉያውን አውርዶ አጠገቡ አስቀምጧል። ማዳመጫውንም ደሙ ከፈሰሰ በኋላ ነው ያደረገለት፤ ሙዚቃ ሲያዳምጥ ነው የሞተው እንድንል።»

አሳታሚው ጣቶን በጎን አየው። ጣቶ መሬት መሬቱን ያያል።

«ማዳመጫው ግን በትክክል አልተደረገም» አለች ኢንስፔክተሯ። «የግራው ከጆሮው ጀርባ ነበር። ሁለታችሁ ሞገድ እንዲህ ሲያደርግ አይታችሁት አታውቁም። እኔም ግራ ገብቶኝ ነበር፤ የፈቱልኝ አድማጮቹ ናቸው። ስንቱ ሰው ‹ግራው ይጮኻል› ብሎ ጻፈ! ድምፁን ያመጣጠነው ራሱ ነው። የራሱ ግራ ጆሮ ስለማይሰማ ነበር ግራውን ከፍ፣ አሁንም ከፍ ያደረገው።»

ጣቶ ቀና አለ። «አይሰማም ነው የሚሉኝ?»

«ከዓመት ከመንፈቅ ወዲህ። አንተን ያባረረህ ንቆህ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ብታዳምጠው እንደምታውቅበት ስለገባው ነው። በሰው ፊት ሁለቱንም ይሸፍናል፣ ብቻውን ሲሆን ግን የማይሰማውን ጆሮ ይተወዋል። ስለዚህ ማዳመጫውን ያደረገለት ሰው፣ ሞገድ ብቻውን ሲሆን የሚያየው ሰው ነው። እጁ ከልማዱ የተነሣ ሳያስበው ነው ያደረገለት።»

ኢንስፔክተሯ ወረቀቶቿን አወጣች።

«‹ቅን አድማጭ› ሠላሳ አንድ ጊዜ ጽፏል፤ ሁሌም በሥራ ቀን፣ ሁሌም ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት፤ ሕፃናት ምሳቸውን በልተው በሚተኙበት ሰዓት። ሁሉንም የሚዘጋው በአንድ ቃል ነው፤ ‹ተው፣ ጆሮህን አሳርፍ›። ሌላው ሁሉ መሣሪያውን ሲረግም ስለ ጆሮው የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። የጆሮ ሐኪሙም ምርመራውን ሲነግር ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ልጄ፣ ባልሽ ጤነኛ ነበር አልሽኝ። ገበያ የሄድሽውም ሰባት ሰዓት አይደለም፤ የምትገዢበት ባለሱቅ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ላይ እንደመጣሽ ያስታውሳል።»

ሚስትየው አልካደችም። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ ለትንሽ ልጅ ነገር እንደምታስረዳ ሁሉ ቀስ ብላ ተናገረች። ባሏ ከድምፅ ካልራቀ ሌላኛው ጆሮም በዓመት ውስጥ እንደሚሄድ ሐኪሙ በቅርቡ ነግሯቸዋል። እግሩ ላይ ወድቃ ለመነችው፣ አልሰማትም። የማያውቀው ሰው ሲነቅፈው ግን ቀኑን ሙሉ ይተክዛል። እንግዲያው የማያውቀው ሰው ልሁንለት ብላ አሰበች። ያን ቅዳሜ ስልኳን ሲነካካ «ቅን አድማጭ» የሚለውን ስም አገኘው።

«እየጮኸ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር» አለች። «‹ማታ ማታ እያለቀስኩ የማነብልሽ ያንቺን ነበር?› ብቻ አለኝ። ስልኩን ልነጥቀው ስል ገፋሁት። ልገድለው ብዬ አይደለም።»

«አውቃለሁ፣ አይደለም» አለች ኢንስፔክተሯ። «ነገር ግን አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም፣ ባልሽ ከወደቀ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል በሕይወት ነበር ይላል። ማዕዘኑን ስትወለውዪ፣ ወረቀቶቹን ስትነቅዪ ይተነፍስ ነበር። ስልኩ እጅሽ ላይ ነበር። ለምን አልደወልሽም?»

ሚስትየው የታጠፉ እጆቿን አየች።

«ቢነቃ ምን እለዋለሁ ብዬ ፈራሁ።»

አሳታሚው ፊቱን አዞረ። ፖሊሱ ቀርቦ ክንዷን ሲይዛት፣ ነገ ሕፃናቱን የሚቀበላቸው ሌላ ሰው እንዲፈልጉ ለትምህርት ቤቷ እንዲደወልላት ለመነች፤ ኢንስፔክተሯም እሺ አለቻት። በሩ ጋ ስትደርስ ቆም ብላ ወደ ባሏ ባልንጀራ ዞረች።

«ጣቶ፣ አንተ ታውቀኛለህ። እንደምወደው ታውቃለህ።»



«ሁለታችሁንም የማውቃችሁ መስሎኝ ነበር» አላት፤ መንገድ ለቀቀላትም።