ካዝናው የደበቀው

የቁንጭር ቁስል ሰው አይገድልም። ዞር ብሎ የሚያየው የጠፋውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ፊት ላይ ወጥቶ ይቆስላል፤ ሲድንም ጠባሳውን ትቶ ይሄዳል። የአንዲት ተመራማሪ ታላቅ እህት ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ ግራ ጉንጯን በሻርፕ ሸፍና የኖረችው በእሱ ጦስ ነው። ታናሺቱ ዶክትሬቷን ስትጨርስ ስንቱ ተቋም ደጅ እየጠናት «የቁንጭርን ክትባት ሳልሠራ ንቅንቅ አልልም» ብላ እዚያው የተማረችበት ላቦራቶሪ ቀረች። ቁጭ ማለት ስለማታውቅ ባልደረቦቿ «ንቢቱ» ይሏታል።

እሱ የመጣው በሦስተኛው ዓመት ነው፤ የስታትስቲክስ ባለሙያ። ክትባቱ በስምንት መቶ ሰዎች ላይ ሲሞከር ግማሹ እውነተኛውን፣ ግማሹ ምንም የሌለበትን መርፌ ተወጋ። ማን የቱን እንደተወጋ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ንቢቱ እንኳ ማወቅ አይፈቀድላትም፤ ካወቀች ውጤቷን የሚያምናት የለም። እሱን ታዲያ «ካዝናው» አሉት።

የተገናኙት ደረጃ ላይ ተጋጭተው ነው፤ እሷ ሦስት ካርቶን እስከ አገጯ ተሸክማ።

«ይቅርታ፣ አላየሁሽም!»

«ይሄን የሚያህል ካርቶን ካላየህ ቁጥሩን እንዴት ልታየው ነው?»

ሳቀ። ወይ ሲስቅ! ሆዱ ውስጥ ያለው ሁሉ ፊቱ ላይ ይነበባል። ከዚያ ወዲህ ስድስት ወር ሙሉ ምሳቸውን አብረው በሉ። ፍቅር የሚል ቃል ከማናቸውም አልወጣም፤ ግን ሲተያዩ ምግቡ ይቀዘቅዝ ነበር።

ድንገት አንድ ቀን ከምሳው ቀረ። በማግስቱም ቀረ። ኮሪደር ላይ ሲያያት ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞር ጀመር። እንዲህ ሦስት ወር አለፈ።

«በቃ፣ ክትባቱ ወድቋል» አለች ለእህቷ በስልክ። «ውጤቱን አይቶታል ማለት ነው። ደህና ቢሆን እኮ ፊቱ ይነግረኝ ነበር።»

«ቆይ፣ የምታለቅሺው ለክትባቱ ነው ለሰውየው?»

«ለሁለቱም!»

«አይዞሽ የኔ እናት። ሄደሽ ጠይቂዋ! አፍ የለሽም?»

ጊዜ ደግሞ የለም። የሥራ ውሏ የሚያበቃው ውጤቱ በሚከፈትበት ዓርብ ነው፤ ሊቀጥራት የሚፈልግ አንድ የፊት ቅባት ፋብሪካም ለዚያው ዕለት መልሷን ይጠብቃል። ክትባቱ ከወደቀ ትፈርማለች። የልጅነት ሕልሟን ቀብራ ቅባት ልታማስል!

ሐሙስ ዕለት ሊፍቱ በር ላይ ያዘችው።

«ምን አድርጌህ ነው?»

«ምንም።»

«ስለ ክትባቱ አይደለም የምጠይቅህ። ስለ እኔ ነው።»

ዓይኖቹ ተነሡና መልሰው መሬት ወደቁ። «ስለዚያም መናገር አልችልም» አለ። ሊፍቱ ተከፍቶ እየጠበቀው እግሬ አውጪኝ ብሎ ስድስት ፎቅ በደረጃ ወረደ።

ዓርብ አዳራሹ ሞላ። የሙከራው የቁጥጥር ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ አንዲት አንጋፋ ፕሮፌሰር፣ የታሸገውን ፖስታ ቀደው ማንበብ ጀመሩ።

«ባዶውን ከተወጉት አራት መቶ ሰዎች ሰማንያው ቁንጭር ይዟቸዋል። ክትባቱን ከተወጉት አራት መቶዎች ደግሞ...» መነጽራቸውን አስተካከሉ። የንቢቱ ነፍስ ልትወጣ ደረሰች። «ዘጠኝ።»

«ዘጠኝ?»

«ዘጠኝ ብቻ፣ ልጄ!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። «እህቴን! እህቴን ጥሩልኝ!» እያለች ወንበሯ ላይ ተዘረፈጠች። ደግሞ በእንባዋ መሀል ሳቀች፤ «ቅባቱን ራሳቸው ይቀቡት!»

«ቆይ፣ ቆይ! አንድ ወረቀት ይቀራል» አሉ ፕሮፌሰሯ። «የጥቅም ግጭት ማስታወቂያ ነው፤ ደንቡ ከውጤቱ ጋር ይነበብ ይላል። ከሦስት ወር በፊት የተጻፈ ነው።»

ካዝናው በሩ የት እንዳለ ይፈልግ ጀመር።

«"የምስጢሩን ቁልፍ የያዝኩት እኔ ዋና ተመራማሪዋን እንደምወዳት ስለገባኝ ከኃላፊነቴ እንድነሣ አመለክታለሁ።"» ፕሮፌሰሯ ቀና አሉ። «አላነሣነውም። ስሌቱን ሌላ ባለሙያ እንዲደግመው አደረግንና፣ እሱን ውጤቱ እስኪከፈት አጠገቧ ድርሽ እንዳትል አልነው። ቃሉን ጠብቋል።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የካዝናው ፊት በርበሬ መሰለ።

ንቢቱ ተነሥታ ቆመች። ደስታው ንዴቱን፣ ንዴቱ ደስታውን ቀደመባት። «አንተ ጨካኝ! ሦስት ወር ሙሉ ስነድ ዝም ብለህ አየኸኝ?»

«ብናገር ኖሮ» አለ፣ «ዘጠኙን ማን ያምንሽ ነበር?»

እንደዚያን ቀን ወዳው አታውቅም።

«ዋና ተመራማሪዋስ?» አሉ ፕሮፌሰሯ ቃለ ጉባኤውን ሳይዘጉ። «የሚያስመዘግቡት ጉዳይ አለ?»

ጠረጴዛውን ዞራ ሄደች። ያ ሁሉ ሰው እያየ እጁን ያዘች።

«አለኝ» አለች። «እኔም እወደዋለሁ። ደግሞ ከእሱ በፊት ነው የጀመርኩት።»

«ይመዝገብ!» አሉ ፕሮፌሰሯ።