አልአዛር የሰማው ድምፅ

«የወደቡ መንገድ ተዘግቷል?» አለች ፀዳል፣ ታክሲው ውስጥ እንደገባች።

የሾፌሩ የሙሰዲቅ የይለፍ መልስ «በአሸዋ ብቻ» መሆን ነበረበት።

«ዕቃውን አምጪ» አላት።

በሩን ሳበችው። ተቆልፏል።

ሸጧታል።

ለላኳት ሰዎች እሷ «ሰጎን» ናት። ለጅቡቲ ግን የአንድ የመኪና እሽቅድምድም ቡድን መለዋወጫ ገዢ። የቡድኑ ባለቤት መሐንዲስ አልአዛር፣ የድሮ ምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ ነው። ባሕር ማዶ ለሰው ቡድን ሞተር ሲሠራ ኖረ፤ ዋንጫውን እነሱ አነሱ፣ እሱን አባረሩት። ተመልሶ የራሱን ቡድን አቋቋመ። ስፖንሰሮቹ ሲሸሹት ቂሙን ይዞ ለጦር መሣሪያ ነጋዴዎች የሰው አልባ አውሮፕላን ሞተር መሥራት ጀመረ። የመጀመሪያው ሞተር ዛሬ በጀልባ ባሕሩን ይሻገራል። ሰጎን የታዘዘችው የሞተሩን መቆጣጠሪያ እንድትሰርቅ፣ ሞተሩንም እንድታወድም ነው፤ መቆጣጠሪያው አሁን ቦርሳዋ ውስጥ ነው።

ታክሲው ካርቲየ 6 ሰፈር ያለው የቡድኑ ጋራዥ ገባ። ሙሰዲቅ ቦርሳዋን ነጥቆ መቆጣጠሪያውን ለአልአዛር ሰጠው።

አልአዛር በጥፊ አጮላት።

«ያጎረስኳት ነከሰችኝ!»

«ያጎረስከኝ የሰው ደም ነው።»

«እኔን ሲጥሉኝ ማን አለቀሰልኝ? ቁሚና ሲሠራ እዪው። ከዚያ ለዓሣ ነሽ።»

መቆጣጠሪያውን ገጠመ። ሞተሩን አስነሳ። ግድግዳው ተንቀጠቀጠ።

ፀዳል ጠዋት የዘይት ቱቦውን አላልታዋለች። ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

አልአዛር ጆሮውን አቀና። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ዘይት አጥቷል!»

ሙሰዲቅ ወደ በሩ ሮጠ። ፀዳል ተከተለችው። አልአዛር ግን ወደ ሞተሩ።

«ተወው! ውጣ!» አመለጣት።

ዞር ብሎም አላያት። እጁ ማጥፊያው ላይ ሳይደርስ ሞተሩ ፈነዳ።

የጋለ ብረት ክንዷን ቀደደው። ሙሰዲቅ የበሩ ደፍ ላይ ተደፍቷል። ተሻግራው ወጣች።

በማግስቱ ናጋድ ጣቢያ በቆመው ባቡር ውስጥ፣ ክንዷን በነጠላ ሸፍና ተቀመጠች። አጠገቧ ያሉት አሮጊት እንባቸውን ይጠርጋሉ።

«የሰፈራችን ልጅ ነው የሞተው፣ የኔ ልጅ። አልአዛር። እናቱ ከቅዳሴ ስትወጣ ነው መርዶውን የነገሯት። ታውቂው ኖሯል?»

«አላውቀውም፣ እማማ። ለሥራ ፍለጋ መጥቼ ነው።»

«ስምሽ ማነው?»

«ትግስት።»

«ትግስቱን ለእናቱ ይስጣት» አሉ አሮጊቷ።

ፀዳል «አሜን» አለች። ባቡሩ ተነሣ።