የተዘቀዘቀችው አሻንጉሊት

ናጊሳ ክሩን ከአሻንጉሊቷ ቀሚስ ጫፍ ላይ አሰረችና ዘቅዝቃ መስኮቱ ላይ ሰቀለቻት።

አሻንጉሊት ስንል ያው ነጭ መሐረብ ናት፤ ጥጥ ተጠቅጥቆ ጭንቅላት የተሠራላት፣ በእስክሪብቶ ዓይንና አፍ የተሳለላት። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሽርሽር ሲኖረው ይሰቅላታል። ቀጥ አድርገው ሲሰቅሏት ፀሐይ ታወጣለች፣ ሲዘቀዝቋት ደግሞ ዝናብ ትጠራለች። ናጊሳ አሥራ አምስት ዓመቷ ስለሆነ በዚህ ነገር ማመን ካቆመች ቆይታለች። ግን ሰው ሲፈራ የተወውን እምነት ሁሉ መልሶ ያነሳል አይደል።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አለ ወንድሟ ቴፔይ በሩ ላይ ቆሞ። ከቅዳሜው የመኪና ውድድር ልምምድ እሷን ተከትሎ መመለሱ ነው፤ ፀጉሩ በሄልሜቱ ተጨፍልቆ እንደተኛ ነበር።

«ምንም።»

«ተገልብጣለች እኮ።»

«እንደሱ ነው የሚመቻት።»

«ፋራ» ብሏት እየሳቀ ወደ ኩሽና ሄደ። ናጊሳ ጆሮዋን ጣል አደረገች። የገብስ ሻዩ ሲቀዳ ሰማች። ከዛ ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ ሲታሽ ሰማች። ዛሬም ደፍቶታል።

የዘንድሮው ውድድር ሲጀምር እንዲህ አልነበረም። ሚያዝያ ላይ ኦካያማ ሄደው ሁለተኛ ወጡ። ግንቦት ላይ እዚሁ ፉጂ ተራራ ሥር፣ ከቤታቸው ብዙም በማይርቀው መንገድ ላይ አሸነፉ። ትንሽ ቡድን ናቸው፤ መኪናዋን ቴፔይና ጋሽ ጉንጂ በየተራ ይነዷታል። ጋሽ ጉንጂ ቴፔይ ገና ዳዴ ሲል ጀምሮ የሚወዳደር ሰውዬ ነው። ናጊሳ ከትምህርት ቤት ስትወጣ መጀመሪያ የምታየው የነጥብ ሰንጠረዡን ነበር፤ ስማቸው ከላይ ተቀምጦ።

ሰኔ ላይ ሱዙካ ቴፔይን ከኋላ ገጩትና ከግድግዳ ጋር ተላተመ። ወርዶ እጁን እያውለበለበ ሄደ። ሐኪም አየው፣ ዓይኑን መረመረው፣ ምርመራውን አለፈ። ሁሉም እፎይ አለ።

ከዛ አንድ ቀን ናጊሳ ሻዩን ከብርጭቆው አጠገብ፣ ባዶ ጠረጴዛ ላይ፣ እያየው ሲቀዳ ደረሰችበት።

«ሁለት ብርጭቆ ነው የሚታየኝ» አላት። «አንድ ዓይኔን ስጨፍን አንድ ይሆናል። ሐኪሙ ደሞ አንድ አንድ ዓይን እያስሸፈነ ነው የመረመረኝ። አልዋሸሁም እኮ።»

«ስትነዳስ?»

«አንዱን እጨፍናለሁ።» ልክ ጫማህን እንዴት ታስራለህ ተብሎ እንደተጠየቀ ሰው ነው የመለሰላት። «ናጊ፣ ለማንም እንዳትተነፍሺ። እስኪሻልህ እረፍ ካሉኝ ወንበሬ ላይ ሌላ ይቀመጣል። አንዴ ከተቀመጠ ማን ያስነሳዋል?»

ትንሿን ጣቷን ከትንሿ ጣቱ ጋር አቆላልፋ ቃል ገባች። ከዛ ቀን ወዲህ ሻይ በቀዳ ቁጥር ታዳምጣለች።

ዛሬ ልምምድ ላይ ጎማ ሊያስቀይር ሲገባ መሬት ላይ የተቀባውን የመቆሚያ መስመር አልፎ ሄደ። ጎማ ቀያሪው ኦኩ ዘሎ ነው ያመለጠው።

«ቴፔ፣ እግሬን ፈለግከው እንዴ? ትርፍ የለኝም እኮ» አለው ኦኩ። ጋራዡ በሙሉ ሳቀ። ቴፔይም ሳቀ። ናጊሳ የኦኩን እግር እያየች ቀረች።

እና ዝናብ ለመነች። ዝናብ ከጭጋግ ጋር። እዚያ ተራራ ሥር ጭጋግ ከወረደ የአምቡላንሱ ሄሊኮፕተር አይነሳም፤ ሄሊኮፕተሩ ካልተነሳ ውድድር የለም። ውድድር ከሌለ ማንም ቃሉን አያፈርስም፣ ማንም አይሞትም።

ጠዋት ስትነሳ ቆርቆሮው በዝናብ ይንጫጫል። ደስታዋ ግን የውድድሩ ሜዳ እስክትደርስ ድረስ ብቻ ነበር። ዝናቡ አለ፣ ጭጋጉ የለም። ሄሊኮፕተሩ በዝናቡ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ ከበላዩ ያለው ሰማይ ግራጫ ቢሆንም ክፍት ነው።

የቡድኑ አለቃ ወይዘሮ ቶሞኤ ደግሞ ፊቷ በርቷል። «ሰማይ ራሱ ከኛ ጋር ነው ዛሬ» እያለች የሩዝ እንክብሏን ትገምጣለች። ነገሩ እንዲህ ነው፦ እዚህ ውድድር ላይ ጥሩ ነጥብ ያመጣ መኪና ለሚቀጥለው ውድድር ብረት ይጫንበታል፣ ሌሎቹም ይድረሱበት ተብሎ። የነቴፔይ መኪና ዘንድሮ ስላሸነፈች አንድ ትልቅ ሰው ጭና እንደምትሮጥ ቁጠሩት። በደረቅ መንገድ ማንም ላይ አትደርስም። በዝናብ ግን ሁሉም ቀስ ስለሚል ብረቱ ያን ያህል አይጎዳም።

«ማነው አሻንጉሊት የዘቀዘቀልን? ምሳ ልጋብዘው» አለ ኦኩ።

ቴፔይ ወደ ናጊሳ ዞሮ ፈገግ አለ። ጠጋ ብሎ በጆሮዋ፣ «አንቺ ነሽ አይደል? ትላንት ገብቶኝ ነበር። ብረቱን አስበሽልኝ ነው። የኔ ጀግና» አላት።

ናጊሳ ልታስቀረው የፈለገችው ነገር፣ በሷው እጅ፣ ይኸው ብሶ መጣ።

ጋሽ ጉንጂ ቀድሞ ወጣ። መኪኖቹ ባለፉ ቁጥር ውሃው እንደ ግድግዳ ይነሳና ከኋላ ያለውን ይውጠዋል። የጋሽ ጉንጂ ድምፅ በሬዲዮ ተቆራርጦ ጋራዡ ውስጥ ይሰማል።

«ምንም አይታይም። ከፊቴ ያለውን ቀይ መብራት ብቻ ነው የምከተለው። እሱ ገደል ከገባ አብረን ነን።»

ሰዎቹ ሳቁ። የናጊሳ ሐሳብ ግን መብራቱ ላይ ቀረ። ጋሽ ጉንጂ አንድ መብራት ነው የሚያየው። ቴፔይ ሁለት ያያል። የቱን ይከተላል?

ቴፔይ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ ጓንቱን ያጠልቃል። አጠገቡ በርከክ አለች።

«ዛሬ ስንት ነው የምታየው?»

«ዝም በይ እስቲ።»

«አንዱን ስትጨፍን ርቀቱ ይታወቅሃል? ትላንት አልታወቀህም። ኦኩን ልትገጨው ነበር።»

«አልገጨሁትም።»

«ስለዘለለ ነው።»

ቴፔይ ቀና ብሎ አያት። ሲፈራ አይታው አታውቅም ነበር፤ አሁን አየችው። ለካ ይሄን ሁሉ ጊዜ ብቻዋን አልነበረም የምትፈራው።

«አንተው ንገራቸው» አለችው። «እኔ አብሬህ እቆማለሁ።»

«ቃል ገብተሻል ናጊ።»

«ገብቻለሁ።»

ሄልሜቱን አጠለቀ። የማሰሪያውን ጫፍ ቀለበቱ ውስጥ ሊከት ሲል ሳተው። ደገመና ሳተው። በሦስተኛው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አስገባው። ውጪ ኦኩ አዲሱን ጎማ አቅፎ ዝናብ ላይ ተንበርክኮ ይጠብቃል፤ ጉልበቱ ከመስመሩ ጎን ነው። ወደ ናጊሳ ዞሮ ምላሱን አወጣባት፤ ሁሌም እንደዚያ ነው የሚያጫውታት።

ናጊሳ ተነሳች። አለቃ ቶሞኤ ትላልቅ ማዳመጫዎቿን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ስክሪኖቹ ላይ አፍጥጣለች።

«አለቃ።»

ቶሞኤ አልሰማቻትም።

«አለቃ ቶሞኤ።» ክንዷን ነካቻት።

ቶሞኤ አንዱን ማዳመጫ ብቻ ከጆሮዋ አነሳች። «አሁን አይሆንም የኔ ልጅ። ጉንጂ ሊገባ ሁለት ዙር ነው የቀረው።»

«እሱ ሳይገባ ነው መንገር ያለብኝ።»

ከኋላዋ የሚቀርብ የጫማ ኮቴ አልሰማችም። ዞራ አላየችም፤ ግን ቴፔይ ቆሞ እያያት እንደሆነ ታውቃለች። ሊጠራት ይችል ነበር። አልጠራትም።

ቶሞኤ ፊቷን አየቻት። ከዛ ወደ ጥጉ አየች። ከዛ ሁለተኛውንም ማዳመጫ አወለቀች።

ናጊሳ ትንሿን ጣቷን በሌላው እጇ ጨብጣ፣ ከሁለቱ ብርጭቆዎች ጀምራ ነገረቻት።