የእቴ ሴሎች

እመኑኝ ብዬ አልለምናችሁም። እኔም ሰው ቢነግረኝ ኖሮ «አሁንስ አበዛሽው» ብዬ አልፈው ነበር።

ግን ሆኗል። በእኔው በራሴ ላይ። በጠራራ ፀሐይ፣ እሁድ ቀን ስድስት ሰዓት... ሰው በሌለበት ላቦራቶሪ ውስጥ።

የምሠራው ቫይረስ ላይ ነው። ቫይረስ ብቻውን መራባት አይችልም። ሴል ውስጥ ሰርጎ ይገባና በሰው ጓዳ፣ በሰው ዕቃ የራሱን ዲ ኤን ኤ ይገለብጣል። ጤነኛ ሴል ውስጥ ግን ዕጢ እንዳይበቅል የሚጠብቅ አንድ ፕሮቲን አለ። እኛ «ዘበኛው» እንለዋለን። ነገር ሲበላሽ ካየ ግልበጣውን ያስቆማል። አልሆን ካለው ሴሉ ራሱን እንዲያጠፋ ያዛል።

የእቴ ሴሎች ይህ ዘበኛ አልነበራቸውም።

እቴ የምላት ታላቅ እህቴን ነው። ያሳደገችኝ እሷ ናት። የካንሰር ዕጢ ሲጥላት ከሰውነቷ ተወስዶ ለምርምር እንዲሰጥ ፈቀደች።

«ቢያንስ ሥራ ቦታ አብሬሽ እውላለሁ፣ ሚጢ» ብላ ሳቀች። ከሞተች በኋላ ሚጢ ብሎ የጠራኝ ሰው የለም።

እውነትም አብራኝ ዋለች። ጠዋት ስገባ ሳህን ላይ የሚያድጉትን ሴሎቿን «እንዴት አደራችሁ» እላለሁ፤ ማታ የምሰናበተውም እነሱን ነው። ባልደረቦቼ «ከሳህን ጋር ታወራለች» እያሉ ይስቁብኛል።

ይሳቁ። ከሳህን ሌላ ማን አለኝ?

ከዚያ ሴል የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ ተበላሸና ውስጡ የነበሩት ሴሎቿ በሙሉ ሞቱ። የቀረችኝ ሴል የሚያድግበት ማሞቂያ ውስጥ ያለች፣ መዳፍ የማትሞላ አንዲት የፕላስቲክ ሳህን ብቻ ነበረች። ሴሎቿ ደግሞ ለምርምሩ ያስገባሁባቸውን ቫይረስ ይዘዋል።

አለቃዬ አዘነልኝ። ግን ሥራ ሥራ ነው።

«ዘበኛውን መልሰሽ አስገቢባቸው። ቫይረሱ መገልበጡን ካቆመ ስንቱን ሰው ይጠቅማል። እሷስ የሰጠችው ለዚሁ አይደል?»

ዘበኛው ሴሎቹን ሊገድላቸው እንደሚችል እያወቅሁ... አርብ ዕለት አስገባሁ።

እሁድ ላየው ሄድኩ።

ሕንፃው ጭር ብሏል። ሳህኗን ማይክሮስኮፑ ላይ አድርጌ አጎነበስኩ። ቫይረሱ የሚገለበጥበት ሴል አረንጓዴ እንዲያበራ አድርገነዋል። አርብ እንደ ሜዳ አረንጓዴ የነበረው... ጨልሟል። እዚህም እዚያም አንዳንድ ብቻ ይበራል።

ዘበኛው ሥራውን ሠርቷል። ቫይረሱ ቆሟል። ሴሎቹም እየሞቱ ነው።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

ዕንባዬን ጠርጌ እንደገና ሳይ... በሕይወት የቀሩት ሁሉ አንድ ጠርዝ ላይ ተሰብስበዋል።

በእኔ በኩል።

ሳህኗ አጋድላ ይሆናል አልኩ። እነሱ ከእኔ እንዲርቁ አድርጌ አዞርኳትና እጄን ልታጠብ ሄድኩ።

ስመለስ... እንደገና ወደ እኔ መጥተዋል።

ሴል እንዲህ አይሄድም! የፀጉር ውፍረት ያህል ለመሳብ እንኳ ሰዓታት ይፈጅበታል።

ስልኩ ጮኸ። ክው አልኩ። በር ላይ ያሉት ሽማግሌ ጠባቂ ነበሩ።

«ልጄ... ላይ ስንት ናችሁ?»

«ብቻዬን ነኝ፣ አባባ።»



«በመስኮቱ ሁለት ሆናችሁ ብትታዩኝ ነው... ተይው፣ ዓይኔ ነው።»

ዘጉት።

ወንበሬ ላይ ቀስ ብዬ ተቀመጥኩ። ዞር ብዬ ማየት አልደፈርኩም። ዓይኔን ማይክሮስኮፑ ላይ ተክዬ ቀረሁ።

«እቴ?» አልኩ በሹክሹክታ።



«እቴ... አንቺ ነሽ?»

ማሞቂያው ብቻ ያጉረመርማል።

«ምሳ በላሽ?»

ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም። አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው።

ያኔ ሴሎቹ ተንቀሳቀሱ። ዓይኔ እያየ! ከእኔ ጠርዝ ተላቀቁና... ቀስ... ቀስ... እያሉ መሐሉን አቋርጠው ወደ ማዶ ሄዱ።

እየራቁኝ ነው። ፍርሃቴ በአንዴ ጥሎኝ ጠፋ። ብቻዬን የመቅረቴ ነገር ብቻ ታየኝ።

«አትሂጂ» አልኩ። «እቴ፣ እባክሽ... ትንሽ ቁጭ በይ።»

አንድ በአንድ ጠፉ። ሳህኗ ሙሉ በሙሉ ጨለመች።

ቀና አልኩ።

ከጠረጴዛው ማዶ ባዶ ወንበር አለ። ማንም የለበትም።

የመቀመጫው ስፖንጅ ግን መሐሉ ጎድጉዷል... እያየሁትም... ሰው ገና አሁን ብድግ እንዳለበት ሁሉ... ቀስ እያለ ወደ ላይ ሞላ።