«ኢ» ሥራዋን ሳትጨርስ

ሰርካለም ዳስተሩን አንሥታ «ኢ»ን ከሰሌዳው ላይ ጠራርጋ አጠፋቻት።

«ተራሽ ገና ነው እኮ!» አለች እሌኒ፣ ጠመኔዋን እንደያዘች።

«ዛሬ ቀዳሚዋ እኔ ነኝ። በይ አሁን ያንቺን ሥሪ።»

የወላጆች ቀን ነገ ነው። ዓርብ የተደረገው ወላጅ ሁሉ ለገበያ ወደ አርብ ገበያ ከተማ ስለሚመጣ ነበር። የስምንተኛ ክፍል የአማርኛ ክበብ ከ«ከፈተ» «ከፋች» እንዴት እንደሚወጣ ለማሳየት ሁለት ሳምንት ተለማምዷል። ይርዳው «ከፋት» ብሎ ይጽፍና ከኋላዋ «ኢ»ን ይጨምራል። እሌኒ፣ «ኢ» ስለተከተለቻት፣ «ት»ን ወደ «ች» ትለውጣለች። ሰርካለም ደግሞ መጨረሻ ላይ ሥራዋን የፈጸመችውን «ኢ» ታጠፋለች፤ «ከፋች» ይቀራል። እንደ «ነጋሪ» ባለው ቃል ግን «ር» ስለማይለወጥ «ኢ» ባለችበት ትቆያለች። ይህን ሁሉ ከራሷ ንግግር እየለቀመች ያገኘችው እሌኒ ናት። መምህር ዘመኑ እንኳ «እኔም ልብ ብዬው አላውቅ» ብለዋታል።

እሌኒ ሰሌዳውን አየች። «ከፋት» ይላል።

«ምኑን ልሥራ? ‹ት› የምትለወጠው ‹ኢ› ስትከተላት ነው። አንቺ ቀድመሽ አጠፋሻት። በር ከፋት ሆነን ቀረን!»

ይርዳው በሳቅ ፈረሰ። ሰርካለም ፊቷ ጠቆረ።

«ዝም ብለሽ ‹ች› ብለሽ ጻፊያ! ማን ያውቅብናል?»

«አንድ ሰው ተነሥቶ ‹ለምን ተለወጠች?› ቢለኝስ? ምን ልለው ነው?»

ሰርካለም ዳስተሩን ጠረጴዛው ላይ ጥላ ወጣች። እሌኒ ተከትላ አጥሩ ሥር ደረሰችባት።

«ምን ሁነሽ ነው?»

ሰርካለም አጥሩን ተደገፈች። «እናቴን ዋሽቻታለሁ። የሁሉም ዋና እኔ ነኝ ብያታለሁ። ገብሷን ለጎረቤት ትታ እኔን ልታይ ነው የምትመጣ። መጥታ ሰው የጻፈውን ሳጠፋ ታየኝ?»

«ተራው ግን አይለወጥም፣ ሰርክዬ።»

«እንግዲያው እኔ የለሁበትም።»

እሌኒ ቤት ገብታ ደብተሯን ከፈተች። ተራውን መለወጥ ይቻል እንደሁ ትሞክር ጀመር። ከ«ወሰደ» ጀመረች፤ «ኢ»ን አስቀድማ ስታጠፋት «ወሳጅ» ቀርቶ «ወሳድ» ወጣ። በ«ለመነ»ም «ለማኝ» ስትጠብቅ «ለማን» ሆነባት። አምስት ቃል፣ ስድስት ቃል ሞከረች። ተራው ፍንክች አልል አለ።

ደብተሩን ዘግታ ተቀመጠች። እርሷም የምትጠብቀው ሰው ነበራት፤ አባቷ ቄስ ገብረ መድኅን ልጃቸውን ለማየት ከሚያገለግሉበት ከቤተ ልሔም ደብር ይመጣሉ። መሐል ቆማ «ት»ን ስትለውጥ እንዲያዩዋት ስንት ቀን ተመኝታለች።

ጧት ሰርካለምን ከክፍሉ በር ላይ ያዘቻት።

«‹ት› ለምን ተለወጠች?»

«ምን?»

«መልሽልኝ።»

«‹ኢ› ስለተከተለቻት ነዋ።»

«‹ወሰደ›ስ?»

«‹ድ› ‹ጅ› ትሆናለች። ወሳጅ። ምነው፣ ሙድ እየያዝሽብኝ ነው?»

እሌኒ ጠመኔዋን መዳፏ ላይ አኖረችላት። «ለዋጯ አንቺ ነሽ። እኔ አጠፋለሁ። የዋሸሻትን ግን ራስሽ ንገሪያት፤ እሱን እኔ አልሸፍንልሽም።»

ሰርካለም ጠመኔውን ጨበጠች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እነግራታለሁ» አለች።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የሰርካለም እናት ብርቄ ነጠላቸውን አደግድገው ከፊት ተቀምጠዋል። ቄስ ገብረ መድኅን እሌኒን ከመሐል ሲያጧት አንገታቸውን እያሰገጉ ፈለጓት፤ ዳር ቆማ አገኟትና ግንባራቸውን ቋጠር አደረጉ። እሌኒ አየቻቸው። ጉንጯ ጋለ፤ ከቦታዋ ግን አልተነቃነቀችም።

ይርዳው «ኢ»ን ጽፎ ዘወር አለ። ሰርካለም እናቷን መለስ ብላ እያየች ወደ ሰሌዳው ተጠጋች፤ «ት»ንም ለመለወጥ ጊዜ ወሰደባት። አንዳንዱ ማጉረምረም ጀመረ። መምህር ዘመኑ እሌኒን በዓይናቸው «አጥፊያትና ቀጥይ» አሏት።

እሌኒ ዳስተሩን እንደያዘች፣ እንቢ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ሰርካለም እስክትጨርስ ጠበቀቻት።