ረግረጉ ላይ የተሰኩት ስፒሎች

ዋናው ሐኪም ከግድግዳው ካርታ ሥር በጀርባቸው ተዘርረው ተገኙ። ማጅራታቸው በጠረጴዛው ጠርዝ ተመቷል፤ አጠገባቸው በርጩማ ወድቋል። ካርታው ላይ ባለ ቀይ ራስ ስፒሎች ተሰክተዋል። እያንዳንዱ ስፒል በካንሰር መንጋጋው ያበጠ አንድ ሕፃን የሚኖርበትን መንደር ያመለክታል።

የክፍሉ ቁልፍ ያላቸው አራቱ ሰዎች፣ ምክትል ሐኪሙ፣ ነርሷ፣ ካርታ ሠሪውና የሟች ባለቤት፣ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል።

«ስፒል ሊሰኩ በርጩማው ላይ ወጥተው ወድቀው ነው» አለ ምክትል ሐኪሙ። «ዛሬ ካርታውን ለመድኃኒት ኮሚቴው ሊያቀርቡ ነበር።»

«ባይቀርብ ምን ይሆናል?» አለች መርማሪዋ።

«መድኃኒቱ እንደ ወትሮው ቆላ ብቻ ይወርዳላ!» ነርሷ ቀደመችው። «የደጋው ልጅ ‹ጥርሱን ነው› እየተባለ ይመለሳል። ቶሎ ቢታከም እኮ የሚድን ልጅ ነው!»

«ሲስተር፣ በሽታው ወባንና ሙቀትን ይከተላል። ደጋ አይወጣም» አለ ምክትሉ።

«ደጋው ላይ ግድብ ከተሠራ ወዲህ ወባዋ ራሷ ወጥታ የለም እንዴ? እሷም ፈቃድ ትጠይቅዎት?»

የሟች ባለቤት የባላቸውን መነጽር በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። መስታወቱ ንጹሕ ነው፤ እሳቸው ግን አላቆሙም።

«እሱ በርጩማ አያስፈልገውም» አሉ በዝግታ። «እጁን ሲዘረጋ የካርታውን አናት ያልፋል። ባለፈው ሳምንት ደጋ ወጥቶ የታመሙ ልጆች አግኝቷል። ስፒሎቹን ሲሰካ አጠገቡ ነበርኩ።»

«በርጩማው የኔ ነው» አለ ካርታ ሠሪው። «‹አንተ ድንክ፣ ዙፋንህን አንሣልኝ› ይሉኝ ነበር ዶክተሩ።» ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

መርማሪዋ ጣቷን ደጋው ላይ አሳለፈች። ስፒል የለም፤ ቀዳዳ ግን አለ። ከዚያ ወደ ቆላው ጎንበስ አለች።

«ዶክተር፣ እነዚህ ረግረጉ መሀል ያሉት ልክ ናቸው?»

«በጣም ልክ ናቸው። የወባ ትንኝ የሚራባው እዚያ ነው።»

ነርሷና ካርታ ሠሪው ተያዩ።

«ትግል ነበር» አለች መርማሪዋ። «ካርታው ወደቀ፣ ስፒሎቹ ተበተኑ። ገዳዩ በየቀዳዳቸው መለሳቸው፤ የደጋዎቹን ግን መመለስ አልፈለገም። የተረፉትን ለበሽታው ይስማማል ብሎ ያመነበት ቦታ ሰካቸው። በርጩማውንም ወድቀው የሞቱ እንዲመስል አጠገባቸው ጣለው። ሲስተር፣ ረግረጉ ውስጥ ማን ይኖራል?»

«ማንም አይኖርም! ለክትባት በጀልባ ስናልፍ አንድ ጎጆ አይታይም።»

«እኔም ለክቼዋለሁ፤ ውሃና ደንገል ነው» አለ ካርታ ሠሪው።

«እኔ ዳርቻው ላይ አስተምሬአለሁ» አሉ ባለቤትየዋ። «ልጆቹ ያሉት ዳር ዳሩን ነው።»

መርማሪዋ ወደ ምክትሉ ዞረች። «ሦስቱ ይህን ስሕተት አይሠሩም። እርስዎ ግን ‹ልክ ናቸው› አሉኝ፤ ቆላ ወርደው አያውቁም። በሽታው የት እንደሚራባ ያውቃሉ፤ ልጆቹ የት እንደሚያድሩ አያውቁም። የደጋውን ልጆች ‹ጥርስ ነው› ብለው የመለሱትም እርስዎ ነዎት።»

ምክትሉ ከግድግዳው ራቀ። «ካርታው ቢታይ በሞቱት ልጆች ሁሉ እጠየቅ ነበር... ገፋ አደረግኋቸው እንጂ ልገድላቸው አላሰብኩም።»

«የመለስካቸው ልጆች ከየት ነበር የመጡት?» አሉ ባለቤትየዋ። ድምፃቸው ከፍ አላለም።

«አልጠየቅኋቸውም።»

ሴትየዋ ወደ ካርታው ተጠጉ። ጣታቸውን ከባዶ ቀዳዳ ወደ ባዶ ቀዳዳ እያሻገሩ የመንደሮቹን ስም ጮክ ብለው ያነብቡ ጀመር። ነርሷ ደጋ ለመውጣት የመኪናውን ቁልፍ አነሣች።