ጎመንና ሰባቱ የሙጫ ጠብታዎች

የኤፍራታ ጎረቤት ጋሽ ውብሸት አንዲት አሮጌ ቮልስ አለቻቸው። አረንጓዴ ስለሆነች የሰፈሩ ልጆች «ጎመን» ይሏታል።

ጎመን ስትሄድ «ጥርርር፣ ጥርርር» ትላለች። ኤፍራታ ድምፅዋን ከሩቅ ታውቀዋለች።

ሰኞ ጠዋት የኤፍራታን እናት ምጥ ያዛት። ሕፃን ሊወለድ ነው።

አባቷ ሮጦ የጋሽ ውብሸትን በር መታ። «ኳ! ኳ! ኳ!»

ጋሽ ውብሸት የጫማቸውን ክር እንኳ ሳያስሩ ወጡ። «ቶሎ ግቡ» አሉ።

ጥርርር፣ ጥርርር። አባቷ «ማርያም፣ ማርያም» አለ። ኤፍራታም «ማርያም፣ ማርያም» አለች። ጋሽ ውብሸት ግን መንገዱን ብቻ ያያሉ።

ሐኪም ቤት ደረሱ። ጋሽ ውብሸት ጎመንን ትልቅ ጥድ ሥር አቁመው ቀኑን ሙሉ ጠበቁ።

ከጥዱ ላይ ሙጫ ይወርድ ነበር። ጠብ። ጠብ። ጠብ። ማንም አላየውም።

ወደ ማታ ላይ ወንድ ልጅ ተወለደ። በማግስቱ እናትና ሕፃን በጎመን ወደ ቤት መጡ።

ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። «እልልልልል!»

እልልታው ሳያልቅ ጋሽ ውብሸት ቁልፋቸውን ይዘው ዝም ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ። ያየቻቸው ኤፍራታ ብቻ ናት።

«አላመሰገንናቸውም» አለች በልቧ።

ረቡዕ ጠዋት አባቷ ገንፎ ሲያገነፋ ኤፍራታ ወደ ውጪ ወጣች። ጎመን በር ላይ ቆማለች። ኮፈኗ ላይ ቢጫ ቢጫ ነገር ደርቆ ተጣብቋል።

ቆጠረችው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት።

«ጎመንን አጥባታለሁ። እንዲህ አድርጌ ጋሽ ውብሸትን አመሰግናለሁ» አለች።

ድስት ሲያር በምን ይለቃል? በሽቦ። ስለዚህ ኤፍራታ የዕቃ ማጠቢያውን ሽቦ አመጣች።

ፈተግ፣ ፈተግ፣ ፈተግ።

ሙጫው ንቅንቅ አላለም። አረንጓዴው ቀለም ግን ተጫረ።

ኤፍራታ ክው አለች።

«ሲጢጥ» አለ በሩ። ጋሽ ውብሸት ናቸው። ኤፍራታ እጇን ከኋላዋ ደበቀች።

«ምን ይዘሻል?»

«ምንም።»

«እስቲ ምንምን አሳዪኝ» አሉ።

ኤፍራታ ሽቦውን አሳየቻቸው። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «እኔ ነኝ የጫርኳት፣ ጋሼ። ላጥብልዎ ብዬ ነው።»

ጋሽ ውብሸት ጎንበስ አሉ። ጭረቱን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ጥልቅ አይደለም» አሉ። «ደግሞ እውነቱን ነግረሽኛል። ነይ፣ አብረን እንጠግናታለን።»

ኮፈኗ እንዳይግል ጎመንን ከፀሐይ ማራቅ ነበረባቸው። «እዚያ ማዶ ዛፉ ሥር ብንወስዳትስ?» አለች ኤፍራታ።

«የዛፍ ጥላስ በቃን» አሉ ጋሽ ውብሸት። ገፍተው የግድግዳው ጥላ ውስጥ አስገቧት።

ጋሽ ውብሸት የምግብ ዘይትና ለስላሳ ጨርቅ አመጡ። ጨርቁን በዘይት ነክረው ሙጫው ላይ አኖሩት።

«አሁን ልፈትገው?»

«አይፈተግም። ይጠበቃል። እንዲህ በይ፦ ቀስ፣ ቀስ፣ እስኪለሰልስ።»

«ቀስ፣ ቀስ፣ እስኪለሰልስ» አለች ኤፍራታ።

ጠበቁ። ከዚያ ጠረግ ሲያደርጉት የመጀመሪያው ሙጫ ሙልጭ ብሎ ተነሳ።

ሁለተኛውስ? ቀስ፣ ቀስ፣ እስኪለሰልስ። ተነሳ።

ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው፣ ስድስተኛውም ተነሱ።

ሰባተኛው ግን ግትር ነበር። «ይኼ በቅሎ ነው እንጂ ሙጫ አይደለም» አሉ ጋሽ ውብሸት።

እንደገና ዘይት ቀቡት። ቀስ፣ ቀስ፣ እስኪለሰልስ። ቀስ፣ ቀስ፣ እስኪለሰልስ። እሱም ተነሳ።

ዘይቱን በሳሙናና ለብ ባለ ውኃ አጠቡት። በደረቅ ጨርቅ አደረቁት።

ጭረቱስ? ጋሽ ውብሸት ከጣሳ ውስጥ ፖሊሽ አወጡ። የመኪና ቀለም ማሳመሪያ ቅባት ነው። በጨርቅ ክብ ክብ እያደረጉ አሹት። ዞር፣ ዞር፣ ዞር።

ጭረቱ ቀጠነ። ደግሞ ቀጠነ። ፀጉር የምታክል አንዲት መስመር ብቻ ቀረች።

«እሷስ?» አለች ኤፍራታ።

«እሷ አትለቅም» አሉ ጋሽ ውብሸት። «ትኑር።»

ኤፍራታ ጨርቋን አስቀመጠች። ቀጥ ብላ ቆመች።

«ጋሼ፣ እናቴን ስላደረሱልን፣ ቀኑን ሙሉም ስለጠበቁን፣ እግዜር ይስጥልን።»

ጋሽ ውብሸት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እህም። ጎረቤት አይደለን እንዴ» አሉ። ከዚያ ኮፈኑን እንደገና መወልወል ጀመሩ።

«እሱ እኮ ጠርቷል፣ ጋሼ።»

«አውቃለሁ» አሉ፤ መወልወላቸውን ግን አላቆሙም።

የኤፍራታ አባት ብቅ አለ። «ጋሽ ውብሸት፣ ገንፎው ሳይቀዘቅዝ ይግቡ እንጂ። እናትየዋ ካልመጡ አልበላም ብላለች።»

ጋሽ ውብሸት እጃቸውን በደንብ ታጥበው ገቡ። ኤፍራታ ከእናቷ አልጋ አጠገብ በርጩማ አቀረበችላቸው።

«ሳናመሰግንዎት የት ጠፉ?» አለች እናቷ። ሕፃኑን ጠጋ አደረገችላቸው።

ሕፃኑ ትንሿን እጁን ዘረጋ። የጋሽ ውብሸትን ጣት ጭብጥ አድርጎ ያዘ።

«ይኼስ ከሰባተኛው ሙጫ ይብሳል» አሉ ጋሽ ውብሸት።

ሁሉም ሳቁ። ኤፍራታ ግን ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። «ቀስ፣ ቀስ» አለች።

የሕፃኑ ዓይኖች ቀስ፣ ቀስ ብለው ተከደኑ። ጣቱን ግን አልለቀቀም።

ጋሽ ውብሸትም ገንፏቸው እስኪቀዘቅዝ ድረስ እጃቸውን አላነሱም።